አልማቲ፦ ከተራራዋ ጋር መኖርን የተማረች ከተማ

(የመግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማና ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

በዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን የምንጓዘው ወደ መካከለኛው እስያ፣ ወደ ካዛክስታን ነው። የምናወራው በአገሪቱ ደቡብ ምሥራቅ፣ በቲያን ሻን ተራሮች ግርጌ ስለምትገኘው ስለ አልማቲ ከተማ ነው። ብዙዎቻችሁ የምታውቋት በቀድሞ ስሟ፣ አልማ አታ በሚለው ይሆናል። በጤና ሙያ የሠለጠናችሁ አድማጮቻችንማ ይህን ስም ገና ተማሪ ሳላችሁ ሰምታችሁታል። ምክንያቱን በዝግጅታችን ሁለተኛ ክፍል እናነሣዋለን።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላስታውስ። ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አልማቲ ሁለት ሚሊዮን የሚያልፍ ሕዝብ ይኖርባታል፤ የካዛክስታን ትልቋ ከተማም ናት። የሚጠጣው ውሃ፣ የሚበላው ፍሬ፣ የሚያርፉበት ጥላ፣ ሁሉም የሚመጣላት ከተራራው ነው። ቤት የሚያፈርሰው የመሬት መንቀጥቀጥና መንደር ጠርጎ የሚሄደው የጭቃ ጎርፍም የሚመጣባት ከዚያው ከተራራው ነው። ይህች ከተማ ከእያንዳንዱ አደጋ በኋላ ተቀምጣ አስባለች፤ ያሰበችውንም በእንጨት፣ በድንጋይና በዛፍ ሠርታ አሳይታለች። የዛሬው ትምህርታችን ጭብጥ ይኸው ነው።

በመጀመሪያ አቀማመጧን እንይ። ከከተማዋ በስተደቡብ የቲያን ሻን ሰሜናዊ ክንፍ የሆነው የኢሌ አላታው ሰንሰለት ቆሟል። የዚህ ሰንሰለት ከፍተኛው ጫፍ የታልጋር ተራራ ሲሆን 4,979 ሜትር ይደርሳል። በስተሰሜን ደግሞ መሬቱ እየተንጣለለ ወደ ሰፊው የሣር ሜዳ፣ ወደ ስቴፑ ይወርዳል። ከተማዋ በሁለቱ መካከል፣ በተዳፋቱ ላይ ተዘርግታለች። በዚህ ምክንያት የአልማቲ ሰው አቅጣጫ ሲያመለክት ቀኝና ግራ ብሎ አይደክምም፤ «ወደ ላይ ሂድ» ካለ ወደ ተራራው፣ ወደ ደቡብ ማለቱ ነው፤ «ወደ ታች» ካለ ወደ ሰሜን ነው። መንገዶቿ ቀጥ ቀጥ ብለው በአራት ማዕዘን የተቀየሱ ስለሆኑ፣ ተራራው እየታየ የሚጠፋ እንግዳ የለም።

አሁን ከአንዱ መንገድ ዳር ቆማችሁ ወደ እግራችሁ ተመልከቱ። በአስፋልቱና በእግረኛው መንገድ መካከል ጉልበት የማይደርስ ጠባብ ቦይ ታያላችሁ። የአገሩ ሰው «አሪቅ» ይለዋል። በበጋ ከተራራ የወረደ ቀዝቃዛ ውሃ እየተንፎለፎለ ያልፍበታል። በቦዩ ዳርና ዳር ኦክ፣ ፖፕላርና ሌሎች ትልልቅ ዛፎች ተሰልፈዋል፤ ሥሮቻቸው ከቦዩ ይጠጣሉ፣ ቅጠሎቻቸው ከላይ ተገናኝተው መንገዱን ያጠሉታል። የበጋው ፀሐይ በሚያቃጥልበት በዚያ አገር ይህ ጥላ ለከተማው ሰው ትልቅ ነገር ነው። ቦዩና ዛፉ አብረው የተተከሉት ገና ከተማዋ ስትቆረቆር ነው። ኤድዋርድ ባውም የሚባል የደን ባለሙያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ችግኝ እያፈላ ሲያስተክል ኖሯል። እሱ ያስተከለው ደን እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

(አጭር የሙዚቃ ማለፊያ)

አድማጮች፣ አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። አካባቢው ጄቲሱ ይባላል። ከተራራው የሚወርዱ ብዙ ወንዞች ያጠጡታል፣ ግጦሹም ለም ነው። በዚህ የተነሣ ከጥንት ጀምሮ ሰው ሳይለየው ኖሯል። በ1969 ከከተማዋ በስተምሥራቅ፣ ኢሲክ በሚባል ቦታ፣ በአንድ የመቃብር ጉብታ ውስጥ ሳካ በሚባሉት የጥንት ዘላኖች ዘመን የኖረ ወጣት አፅም ተገኝቷል። ልብሱ በአራት ሺህ ገደማ የወርቅ ቁራጮች ያጌጠ ስለነበር «የወርቁ ሰው» ተብሎ ታወቀ። ዛሬ የካዛክስታን ብሔራዊ ምልክት ከሆኑት አንዱ ነው። በመካከለኛው ዘመን ደግሞ ከቻይና ወደ ምዕራብ የሚሄደው የሐር መንገድ አንዱ ቅርንጫፍ በዚህ ያልፍ ነበር። በአቅራቢያው የነበረችው የታልጋር ከተማ ፍርስራሽ በ2014 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። በአልማቲ ምድር የ13ኛው ክፍለ ዘመን የብር ሳንቲሞችም ተገኝተዋል።

የዛሬዋ ከተማ ግን የተቆረቆረችው በ1854 ነው። የሩሲያ ዛር ጦር ወደ ደቡብ እየገፋ ሲመጣ በዚህ ቦታ ምሽግ ሠራ። ምሽጉ ብዙም ሳይቆይ ቬርኒ ተባለ፤ በ1867 የከተማነት ማዕረግ አገኘ። የኮሳክ ወታደሮች፣ የሩሲያ ገበሬዎች፣ የታታር ነጋዴዎችና ካዛኮች በአንድነት ይኖሩበት ጀመር። ሰዉ እየበዛ፣ ንግዱ እየደራ ሲሄድ ሀብታሞቹ በጡብ መሥራት ጀመሩ። የጡብ ቤት ያኔ የክብርና የዘላቂነት ምልክት ነበር።

በ1887 በሰኔ ወር መጀመሪያ፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ፣ ምድር ተናወጠች። ከተማው ውስጥ ከነበሩት ከ1,700 በላይ የጡብ ቤቶች ሳይፈርስ የቀረ አልነበረም ማለት ይቻላል። ከ300 በላይ ሰዎች ሞቱ። የእንጨት ቤቶች ግን አብዛኞቹ ቆመው ተገኙ። ለክብር የተሠራው ጡብ ባለቤቱን ሲቀብር፣ የድሃው የእንጨት ጎጆ ነዋሪውን አዳነ።

የከተማው መሐንዲሶች ይህን በዓይናቸው አይተው ዝም አላሉም። በትውልዱ ፈረንሳዊ የሆነው ፖል ጉርዴና ሩሲያዊው አንድሬ ዜንኮቭ ለመሬት መንቀጥቀጥ የሚሆን አሠራር ፈለጉ። ዜንኮቭ የተረዳው ነገር ይህ ነው፤ ምድር ስትወዛወዝ ግትር ሕንፃ ይሰነጠቃል፣ መተጣጠፍ የሚችል ሕንፃ ግን ጉልበቱን እየተቀበለ ያሳልፈዋል። ይህንን ሐሳቡን በትልቁ የፈተነው በ1904 ተጀምሮ በ1907 በተጠናቀቀው የዕርገት ካቴድራል ነው።

ይህን ካቴድራል ቀረብ ብለን እንየው። ቁመቱ ከ50 ሜትር ይበልጣል፤ በዓለም ላይ ካሉት ረጃጅም የእንጨት ሕንፃዎች አንዱ ነው። ከውጭ ሲያዩት ቢጫና ነጭ ቀለም ተቀብቶ፣ ጉልላቶቹ በቀለማት አጊጠው የድንጋይ ሕንፃ ይመስላል። ግድግዳው ግን የቲያን ሻን ስፕሩስ ነው፤ ስፕሩስ በዚያው ተራራ ላይ የሚበቅል የጥድ ዘመድ ነው። ግንዶቹ እርስ በርስ ተቆላልፈው፣ ከላይ እስከ ታች በረጃጅም የብረት ብሎኖች ተወጥረው ታስረዋል። አስጎብኚዎች ብዙ ጊዜ «አንድም ብረት ሳይገባበት የተሠራ ነው» ሲሉ ይሰማሉ፤ እውነቱ ግን ብልሃቱ እንጨቱንና ብረቱን ማጋባቱ ላይ ነው። እንጨቱ ይታጠፋል፣ ብረቱ ደግሞ እንዳይለያይ ይይዘዋል።

ፈተናው ብዙም አልዘገየም። በጥር 1911 መጠኑ ወደ 8 የተጠጋ፣ ከ1887ቱም የበረታ የመሬት መንቀጥቀጥ መጣ። በከተማውና በዙሪያው ብዙ ጥፋት ደረሰ። ካቴድራሉ ግን መስኮቱ ተሰባብሮ፣ ጥቂት ጉዳት ደርሶበት ቆሞ ቀረ። ዜንኮቭ ራሱ በኋላ እንደጻፈው፣ የደወሉ ማማ እንደ ረጅም ዛፍ ጫፍ ወዲያና ወዲህ ተወዛውዞ ወደ ቦታው ተመልሷል። በሶቪየት ዘመን ሕንፃው ለአምልኮ ተዘግቶ ሙዚየም ሆነ። እኛን የሬዲዮ ሰዎችን የሚያስደስት አንድ ነገርም አለ፤ የከተማዋ የመጀመሪያዎቹ የሬዲዮ ማሠራጫዎች የተተከሉት በዚሁ ካቴድራል የደወል ማማ ላይ ነበር። በ1995 ለቤተ ክርስቲያኑ ተመልሶ ዛሬ ቅዳሴ ይቀደስበታል።

(አጭር የሙዚቃ ማለፊያ)

የተራራው ሁለተኛ ፈተና ውሃ ነው። እዚህ ላይ «ጎርፍ» ስንል የለመድነው የክረምት ደራሽ ውሃ አይደለም። ከፍታው ላይ በረዶው ሲቀልጥ ውሃው በድንጋይ ክምር ጀርባ ይጠራቀምና ሐይቅ ይሆናል። ያ የድንጋይ ክምር በድንገት ሲደረመስ፣ ወይም ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል፣ ውሃው ጭቃውን፣ ዛፉንና ቤት የሚያህል ድንጋይ እያንከባለለ በሸለቆው ይወርዳል። በሐምሌ 1921 ምሽት ላይ እንዲህ ያለ የጭቃ ጎርፍ ከተማዋን መትቶ 500 ገደማ ሰዎች ሞቱ። በሐምሌ 1963 ደግሞ ከከተማዋ በስተምሥራቅ የነበረው፣ በውበቱ የታወቀው የኢሲክ ሐይቅ በተመሳሳይ ጎርፍ ተጥሶ በአንድ ቀን ውስጥ ፈሶ አለቀ።

ከዚህ በኋላ ባለሥልጣናቱና ሳይንቲስቶቹ አንድ ድፍረት የተሞላበት ውሳኔ ወሰኑ። ከከተማዋ በላይ ሜዴው በሚባለው ሸለቆ ላይ ግድብ ለመሥራት ድንጋይ በመኪና ከማመላለስ ይልቅ፣ ተራራው ራሱ እንዲሠራው አደረጉ። በጥቅምት 1966 ከ5,000 ቶን በላይ ፈንጂ በሸለቆው ጎን ቀብረው አፈነዱ። የተገመሰው ተራራ ሸለቆውን ዘጋው። በሚያዝያ 1967 ሁለተኛው ፍንዳታ ተከትሎ ግድቡ 100 ሜትር ያህል ከፍታ አገኘ። ይህን ያህል ገንዘብና ፈንጂ ለምን ይባክናል ብለው የተቃወሙ ነበሩ።

መልሱ በሐምሌ 1973 መጣ። ከላይ ያለ የበረዶ ሐይቅ ተጥሶ ትልቅ የጭቃ ጎርፍ ወረደ፣ ግድቡም ያዘው። ነገር ግን የውሃ መውጫዎቹ በጭቃ ተደፍነው ውሃው ከግድቡ ጀርባ ሰዓት በሰዓት ከፍ ይል ጀመር። ሠራተኛውና ወታደሩ ቀንና ሌሊት ሳይል ፓምፕ እየተከለ፣ ቧንቧ እየዘረጋ ውሃውን አስተነፈሰው። ከተማዋ ተረፈች። ከዚያ በኋላ ግድቡ ወደ 150 ሜትር ከፍ ተደረገ፤ ሐይቆቹንና ሸለቆዎቹን ዓመቱን ሙሉ የሚከታተል መሥሪያ ቤትም ተቋቋመ። ዛሬ ወደ ግድቡ አናት የሚወስደው ደረጃ 842 እርከን አለው። በእሑድ ጠዋት ወጣት፣ አዛውንት፣ ልጅ ያዘለ ሁሉ ይወጣዋል። ያ ሁሉ ሰው የሚረግጠው ሕይወቱን ያተረፈለትን ግድብ ነው።

ከግድቡ ሥር፣ በ1,691 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በዓለም የታወቀው የሜዴው የበረዶ ሸርተቴ ሜዳ ይገኛል። መጀመሪያ የተሠራው በ1951 ሲሆን፣ አሁን ያለው ቅርፁን የያዘው በ1972 ነው። የበረዶው ስፋት 10,500 ካሬ ሜትር ነው። በዚህ ሜዳ ላይ በፍጥነት ሸርተቴ ከመቶ በላይ የዓለም ክብረ ወሰኖች ተሰብረዋል። ምክንያቱ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ከፍታው ላይ አየሩ ሳሳ ስለሚል ሯጩን የሚገፋው የአየር ግፊት ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ ተራሮቹ ነፋሱን ይከልላሉ። ሦስተኛ፣ በረዶው የሚሠራው ጨውና ማዕድን ከማይበዛበት የተራራ ውሃ ስለሆነ እጅግ ለስላሳ ነው። ከዚያ በላይ ገመድ ላይ በተንጠለጠለ ጋሪ ሲወጡ የሺምቡላክ የበረዶ መንሸራተቻ ተዳፋት ይገኛል። ከተማ መሀል ቁርሱን በልቶ፣ ምሳው ሳይደርስ በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ በረዶ መርገጥ ለአልማቲ ሰው የተለመደ የቅዳሜ ፕሮግራም ነው።

(ረዘም ያለ ሙዚቃ፤ የዝግጅቱ ሁለተኛ ክፍል ይጀምራል)

አድማጮች፣ አብራችሁን ስላላችሁ እናመሰግናለን። በመጀመሪያው ክፍል አልማቲ የመሬት መንቀጥቀጥንና የጭቃ ጎርፍን እንዴት እንደተቋቋመች ሰምታችኋል። አሁን ተራራው ለዓለም ወደሰጠው ስጦታ እንሸጋገር።

ዛሬ በየሱፐርማርኬቱና በየፍራፍሬ ቤቱ የምናየው ፖም ሁሉ፣ ቀዩም አረንጓዴውም፣ ዋናው የዘር ሐረጉ የሚመዘዘው ከቲያን ሻን ተራሮች የዱር ፖም ነው። ሳይንቲስቶች ማሉስ ሲቨርሲ ይሉታል። ይህ የዱር ፖም ደን በአልማቲ ዙሪያ ባሉ ተዳፋቶች ላይ እስካሁን ይበቅላል። የሚገርመው ልዩነቱ ነው። በአንድ ሸለቆ ውስጥ አንዱ ዛፍ ወይራ የምታህል መራራ ፍሬ ያፈራል፤ አጠገቡ ያለው ደግሞ ጭብጥ የሚሞላ፣ የማር ጣዕም ያለው ፍሬ ይሰጣል። ድብና ፈረስ ትልልቁንና ጣፋጩን እየመረጡ በልተው ዘሩን ሲበትኑት፣ ነጋዴዎችም በሐር መንገድ ወደ ምዕራብ ሲወስዱት፣ ፍሬው በብዙ ሺህ ዓመታት ውስጥ ዛሬ የምናውቀው ፖም ሆነ።

ይህንን ቀድሞ የተረዳው ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ ነው። ቫቪሎቭ የሰው ልጅ የሚመገባቸው አዝርዕት መነሻቸው የት እንደሆነ ለማወቅ አምስት አህጉራትን የዞረ ሰው ነው። በ1927 ወደ ኢትዮጵያም መጥቶ ነበር። አዲስ አበባ ገብቶ ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ጋር ተገናኝቷል፣ በደጋው አገር ተዘዋውሮ የስንዴና የገብስ ዘር ሰብስቧል። ባየውም የዝርያ ብዛት ተደንቆ ኢትዮጵያን ከዓለም ዋና ዋና የአዝርዕት መነሻ ማዕከላት አንዷ አድርጎ መዝግቧል። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1929፣ አልማ አታ ደረሰ። የዱር ፖሙን ደን ባየ ጊዜም የፖም መነሻ ይህ አካባቢ እንደሆነ ተናገረ። የዘረመል ሳይንስ ያኔ ገና ለጋ ስለነበር ያየውን ብቻ ይዞ ነው የተናገረው፤ በ2010 የፖም ሙሉ የዘረመል ካርታ ይፋ ሲሆን ግን ትክክል እንደነበረ ተረጋገጠ። ቫቪሎቭ ራሱ ይህን ለማየት አልታደለም። በስታሊን ዘመን በሐሰት ተከሶ ታሰረ፣ በ1943 ሳራቶቭ እስር ቤት ውስጥ ሞተ።

ሥራውን ተረክቦ የቀጠለው ካዛካዊው ሳይንቲስት አይማክ ጃንጋሊየቭ ነው። ዕድሜውን ሙሉ በተራራው ላይ እየወጣ እየወረደ የዱር ፖም ዝርያዎችን መዘገበ፣ ደኑ እንዳይጨፈጨፍም ተከራከረ። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የአሜሪካ ተመራማሪዎች መጥተው ዘር ወስደዋል። ዓላማቸው በሽታን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን ማግኘት ነበር፤ ዛሬ በእርሻ ላይ ያለው ፖም ዝርያው ጥቂት ስለሆነ በሽታ በቀላሉ ያጠቃዋልና። እኛም በከፋና በሸካ ደኖች ውስጥ ያለውን የዱር ቡናችንን ስናስብ፣ ነገሩ ሩቅ እንዳልሆነ እንረዳለን። መነሻው ደን ከጠፋ፣ ነገ በሽታ ሲመጣ የምንሮጥበት ቦታ አይኖርም።

ከተማዋ የራሷ መታወቂያ የሆነ ፖምም አላት፤ አፖርት ይባላል። በ1865 አንድ የቮሮኔዥ ሰፋሪ ችግኙን ይዞ መጣ። ቅርንጫፉን በዱር ፖም ግንድ ላይ ሲያጣብቁት፣ አየሩና ከፍታው ተስማምቶት ከመጣበት አገር ይልቅ አማረ። አንዱ ፍሬ ግማሽ ኪሎ ሊደርስ ይችላል፤ ቀይ ነው፣ ሽታውም ክፍሉን ይሞላዋል። በደንብ የሚያፈራው ግን በተወሰነ የተራራ ከፍታ ላይ ብቻ ነው። በዚያ ከፍታ ላይ ደግሞ ባለፉት አሥርተ ዓመታት ቪላ ቤቶች እየተሠሩበት፣ የፖም እርሻው እየጠበበ ሄዷል። አሁን ጥቂት አትክልተኞች መልሰው ለማስፋፋት እየጣሩ ነው።

(አጭር የሙዚቃ ማለፊያ)

አልማቲን ማራኪ ካደረጓት ነገሮች ሌላው ሕዝቧ ነው። ብዙዎቹ ግን በፈቃዳቸው አልመጡም። ከተማዋ በ1921 አልማ አታ ተባለች፣ በ1929 የካዛክስታን ዋና ከተማ ሆነች፣ በ1930 ደግሞ ሳይቤሪያን ከመካከለኛው እስያ የሚያገናኘው የቱርክሲብ ባቡር ገባላት። በእነዚሁ ዓመታት የሶቪየት መንግሥት ከብቱን በግዳጅ እየሰበሰበ ዘላኑን ሕዝብ በአንድ ቦታ እንዲሰፍር ሲያስገድድ፣ በካዛክስታን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው በረሃብ አለቀ። ይህ እስከ ዛሬ የካዛክ ሕዝብ ጥልቅ ቁስል ነው።

ባቡሩም የግዞተኞች ባቡር ሆነ። ባቡሩ ገና ከመግባቱ በፊትም ከሩሲያ አብዮት መሪዎች አንዱ የነበረው ሌቭ ትሮትስኪ በ1928 በግዞት እዚህ መጥቶ አንድ ዓመት ያህል ተቀምጧል። በ1937 ከሩቅ ምሥራቅ ኮሪያውያን በጅምላ ተጭነው መጡ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ጀርመኖች፣ ቼቼኖችና ሌሎች ሕዝቦች ተከተሉ። ከቻይና ወገን የመጡ ኡይጉሮችና ዱንጋኖች ቀድሞውኑ ነበሩ። የናዚ ጦር ወደ ሞስኮ ሲጠጋ ደግሞ ትልልቆቹ የሞስኮና የሌኒንግራድ የፊልም ስቱዲዮዎች ወደ አልማ አታ ተዛወሩ፤ ሰርጌይ አይዘንስታይን «አስፈሪው ኢቫን» የተባለውን ፊልሙን በአብዛኛው የቀረጸው እዚሁ ነው። ከዚህች ከተማ የዘመተው የጄኔራል ፓንፊሎቭ ክፍለ ጦር በበኩሉ ሞስኮን ሲከላከል ብዙ ልጆቹን አጥቷል።

ያ ሁሉ መከራ ምን እንደወለደ ማየት የፈለገ ሰው አረንጓዴው ገበያ ወደሚባለው የከተማዋ አሮጌ ገበያ ይግባ። በአንዱ ረድፍ የካዛክ እናቶች የደረቀ እርጎና የፈረስ ሥጋ ቋሊማ ይሸጣሉ። በሚቀጥለው ረድፍ የኮሪያ ሴቶች በነጭ ሽንኩርት፣ በሚጥሚጣና በኮምጣጤ የታሸ ካሮት ሰላጣ ደርድረዋል፤ ይህ ሰላጣ በኮሪያ የለም፣ ግዞተኞቹ የአገራቸው ጎመን ሲያጡ ባገኙት ካሮት የፈጠሩት ነው። ወረድ ብሎ ባለው ምግብ ቤት ኡይጉሩ ወጥ ሠሪ ሊጡን በሁለት እጁ ይዞ ይስባል፣ በጠረጴዛው ላይ ይመታዋል፣ ያጥፈዋል፣ እንደገና ይስበዋል፤ በደቂቃዎች ውስጥ አንዱ ሊጥ ብዙ ረጃጅም ክር ይሆናል። ላግማን የሚባለው ምግብ ይህ ነው። ሳይጋበዙ የመጡ ሕዝቦች አንድ ገበያ ላይ ተገናኝተው፣ የአንዱን ምግብ ሌላው የራሱ አድርጎታል።

አሁን በዝግጅቱ መጀመሪያ ቃል ወደገባሁላችሁ ጉዳይ ልምጣ። በመስከረም 1978 የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ የጠሩት ጉባኤ በአልማ አታ ተካሄደ። የ134 አገሮች መንግሥታትና የ67 ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ተወካዮች ተገኙ። ከጉባኤው የወጣው የአልማ አታ መግለጫ የመጀመሪያ ደረጃ የጤና ክብካቤን ሐሳብ ለዓለም አስተዋወቀ። ሐሳቡ ይህ ነው፦ ጤና መብት ነው፤ የጤና አገልግሎትም ከዋና ከተማ ትልቅ ሆስፒታል ሳይሆን ከሕዝቡ መንደር መጀመር አለበት። ንጹህ ውሃ፣ ክትባት፣ የእናቶችና የሕፃናት ክብካቤ፣ የተመጣጠነ ምግብ፣ የጤና ትምህርትና መሠረታዊ መድኃኒት በየቤቱ ደጃፍ መድረስ አለባቸው።

ይህ ሐሳብ ወደ ኢትዮጵያም ገብቷል። በደርግ ዘመን የጤና ፖሊሲው መሠረት ሆኖ፣ በየገበሬ ማኅበሩ የኅብረተሰብ ጤና ወኪሎችና የልምድ አዋላጆች ሠለጠኑ። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ደግሞ ያንኑ ሐሳብ አስፋፍቶ፣ በየቀበሌው ጤና ኬላ ተሠርቶ ደመወዝ የሚከፈላቸው ሠራተኞች ተመደቡ። ዛሬ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ቤት ለቤት እየዞረች ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ ክትባትና ስለ እርግዝና ክትትል የምትመክረው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የሥራዋ ሐሳብ አንዱ ምንጭ በቲያን ሻን ግርጌ የተካሄደው ያ ጉባኤ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ታሪክ ባጭሩ ልንገራችሁ። በታኅሣሥ 1986 ሞስኮ የካዛኩን መሪ ዲንሙሐመድ ኩናየቭን አንሥታ ከሌላ ቦታ ያመጣችውን ጌናዲ ኮልቢንን ስትሾም፣ የአልማ አታ ወጣቶች አደባባይ ወጡ። ሰልፉ በኃይል ተበተነ፤ የሞቱም የታሰሩም ነበሩ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 21 ቀን 1991፣ የ11 ሪፐብሊኮች መሪዎች በዚችው ከተማ ተሰብስበው የሶቪየት ኅብረት ማክተሙን አረጋገጡ። በ1997 ዋና ከተማው ወደ ሰሜን፣ ዛሬ አስታና ወደምትባለው ከተማ ተዛወረ። አልማቲ ግን የንግዱ፣ የትምህርቱና የኪነ ጥበቡ ማዕከል እንደሆነች ቀጠለች። በ2011 መጨረሻ ደግሞ የምድር ውስጥ ባቡሯ ሥራ ጀመረ።

ዛሬም ፈተናዋ አላለቀም። ተራራው ነፋሱን ስለሚከልል፣ በብርዱ ወራት የድንጋይ ከሰልና የመኪና ጭስ ከተማው ላይ ተኝቶ ይውላል፤ አንዳንድ ቀን ተራራው ራሱ አይታይም። ከ1957 ጀምሮ የሚለካው የቱዩክሱ የበረዶ ግግር ወደ አንድ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ወደ ኋላ ሸሽቷል። በረዶው በቀለጠ ቁጥር አዳዲስ ሐይቆች ይፈጠራሉ፣ ባለሙያዎቹም በየበጋው ወጥተው ውሃቸውን በቧንቧ ያጎድላሉ። በጥር 2024 ቻይና ድንበር አካባቢ የተነሣ የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማዋን አናውጦ፣ ሰዉ በብርድ ሌሊት ወደ ውጭ ወጥቷል። ጭሱ፣ የበረዶው መቅለጥና የመሬቱ መናወጥ ትውልዱ የሚሠራው የቤት ሥራ ናቸው።

አድማጮች፣ ከአልማቲ የምንወስደው ትምህርት ግልጽ ነው። አደጋ የሚደርስበት ቦታ ላይ መኖር የብዙ ሕዝብ ዕጣ ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ዙሪያ የምንኖር እኛም ምድር መንቀጥቀጧን እናውቀዋለን። ልዩነቱ ከአደጋው በኋላ በሚሠራው ነው። ዜንኮቭ የፈረሰውንና ያልፈረሰውን ቤት አነጻጽሮ ሠራ። ግድብ ሠሪዎቹ የ1921ዱንና የ1963ቱን ጥፋት አስታውሰው ሠሩ። ጃንጋሊየቭ ደኑ ከማለቁ በፊት ዝርያውን መዘገበ። ሦስቱም ከጥፋት በፊት ወይም ከጥፋት ማግስት ተቀምጠው አጥንተዋል፣ ያጠኑትንም ለተተኪው አስረክበዋል። እኛም በየአካባቢያችን የትኛው ቤት ፈረሰ፣ የትኛው ቆመ፣ ጎርፉ በየት መጣ፣ የትኛው ዘር እየጠፋ ነው ብለን መጠየቅና መመዝገብ የዛሬ ሥራችን መሆን አለበት።

እንደ ልማዳችን ዝግጅቱን የምንዘጋው ለመወያያ በሚሆኑ ሦስት ጥያቄዎች ነው። አንደኛ፣ በ1887 የጡብ ቤቶች ሲፈርሱ የእንጨት ቤቶች ለምን ቆሙ? ሁለተኛ፣ የዱር ፖም ደን መጠበቅ ፖም በሩቅ አገር ለሚያመርት ገበሬ ምን ይጠቅማል? ሦስተኛ፣ የአልማ አታ መግለጫ ሐሳብ በእናንተ ቀበሌ በምን መልኩ ይታያል? ተማሪዎች በክፍላችሁ፣ ቤተሰቦችም በቡና ሰዓት ተወያዩባቸው።



(የመዝጊያ ሙዚቃ)